ተዝካሯ የተበላ ሴት

መርዶ በአገራችን ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ይነገራል እንጂ ሰው ተነስቶ ሊፈልገው አይሄድም። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። የዳንግላዋ ይመኙሽ ግን ይህን ማንኳኳት አርባ ዓመት ጠብቃ ማንም አልመጣላትም።

እናቷን ላስታ ትታ ስትመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ትታ አልኩ እንዴ? አፌን ቁርጥ ያርገው! እሷ መች ተወች፣ ወሰዷት እንጂ። በዚያ በክፉው ቀን፣ በሰባ ሰባት፣ አባቷን መጠለያው አጠገብ በቀበሩ ማግስት እናቷ እህል ልትቀበል ተሰልፋ ሳለች ልጅቱን ከጎረቤት ጋር መኪና ላይ ጫኗት። መኪናው ደግሞ አውሮፕላን ዘንድ አደረሳት። ወንበር የሌለው ትልቅ የጦር አውሮፕላን ነው። ሰዉን እንደ እህል ጆንያ አጠጋግተው ጠቀጠቁበትና በሩን ዘጉት።

አንዲት የማታውቃት ሴት እጇን ያዘቻት። «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን እንደርሳለን» አለቻት። ትንሽ ቆይቶ ያ እጅ ቀዘቀዘ። ቀዘቀዘ እንጂ አልለቀቃትም። ልጅቱ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም፤ ራሷን ስታ ነበርና አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከሞቱት ጋር ሜዳ ላይ አስተኟት፣ ሸራም አለበሷት። አንድ ወታደር እግሯ ሲንቀሳቀስ ባያይ ኖሮ አብራ ትቀበር ነበር። ከሙታን መካከል መዘው አውጥተው በለስ ቆላ ወስደው አሰፈሯት።

ቆላው ውስጥ አደገች፣ እንደሷው ሰፋሪ የሆነውን ፋንታሁንን አገባች፣ ወለደች። ፋንታሁንን ወባ ሲነጥቃት ልጇን መልካሙን አዝላ ወደ ደጋው ወጣች። ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስትሸጥ ይኸው ፀጉሯ ሸበተ። ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ሁሉ «የይመኙሽ ድንች» ሳይበላ አይነሳም። መልካሙም አድጎ ባጃጅ ይነዳል። ኑሮዋ ይህ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይጎድለውም።

ከውስጥ ግን ሌላ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ድስት ሲንተከተክ፣ የእናቷ ድምፅ ይመጣል። «ምኞቴ!» ይላታል። በዚህ ስም የሚጠራት እናቷ ብቻ ነበረች። ይመኙሽ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስም የሚጠራን ድምፅ አቤት አይሉትም፤ አቤት ያሉት እንደሆነ ይዞ ይሄዳል ይባላል። የዕድሩ ጥሩንባ ማለዳ ሲነፋማ የባሰ ነው። ዘላ ትነሳና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «የኔ ይሆን?» ትላለች። የላስታን ሞት የዳንግላ ዕድር እንደማይለፍፍ መች አጣችው፤ ግን ልብ ይህን አይሰማም።

ስላላረዷት እርሟን አላወጣችም። እናቷ ሞታለች ብሎ የነገራት የለ፣ አለች ያላት የለ፤ እንዴት ብላ ታልቅስ? ስለዚህ የሰው ለቅሶ ቤት ሄዳ ታለቅሳለች። ለማታውቀው ሰው ከባለቤቶቹ በላይ ደረቷን ትደቃለች። «ለቅሶ አድማቂ» እያሉ የሚያሾፉባት ነበሩ፣ ምላሳቸው ይቆረጥና።

ለምን ሄዳ አታይም የሚል አይጠፋም። ጠግቦ የሚናገር ሰው እንዲህ ነው! መጀመሪያ ከሰፈራው መውጣት ክልክል ነበር፤ ቀጥሎ ልጅ መጣ፣ በሽታ መጣ፤ ደግሞ መንገድ ተዘጋ። እውነቱን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነግራለች፤ ለጎረቤቷ ለየሻረግ። «ካልሄድኩ እናቴ እዚያው ሰልፉ ላይ እንደ ቆመች ናት። ከሄድኩ ግን መቃብር ነው የሚያሳዩኝ» አለቻት። የሻረግ የዳንግላ አገው ናት፤ በሁለት ቋንቋ የምትቆጣ ሴት። ያን ቀን ግን በአንዱም ሳትቆጣ ድንቹን ትልጥላት ጀመር።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ ውብአየሁ መጣ። ውብአየሁ የይመኙሽን ድንች እየበላ ያደገ የዳንግላ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ነግዶ ከበረ። አውሮፕላኑ የራሱ ይሁን የኪራይ እግዜር ይወቀው፤ ብቻ ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ላይ ከብቱን አስነድቶ አረፈ። ለካስ ሚስቱ በሰላም እንድትገላገል ለላሊበላ ጃንጥላ ተስሎ ነበርና ጠዋት ሄዶ ስለቱን አግብቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ነው። መናኸሪያው ጋ መጥቶ ድንች በላና «እትዬ ይመኙሽ፣ እርስዎ የላስታ ሰው አይደሉ? ወንበር አለ፣ ነገ አብረን እንሂድ» አላት።

ማንኪያው ከይመኙሽ እጅ ወደቀ። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንኳ በዚያ ዕድሜዋ አልጋ ሥር የምትገባ ሴት ናት። «የለም የለም፣ ልጄ፣ እኔ አውሮፕላኑን አንዴ አይቼዋለሁ» አለችው።

የሻረግ ግን ለቀቅ ልታደርጋት ነው? «ሂጂ!» አለቻት። «መርዶሽን ራስሽ አምጪው። አርባ ዓመት የሰው ለቅሶ ስታለቅሺ ኖርሽ፤ አንድ ቀን ደግሞ እኛ ያንቺን እናልቅስልሽ። ድንኳን አስተክዬ እጠብቅሻለሁ።»

ሄደች። ሲነሱ ዓይኗን ጨፍና የወንበሩን ክንድ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። አብራሪው አድማሴ፣ ለስላሳ ልጅ ነው፣ ዞር ብሎ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ሲላት ዓይኗን አልገለጠችም። ይህ አውሮፕላን ወንበር አለው፣ መስኮት አለው፣ አራት ሰው ብቻ ይይዛል። ድምፁ ግን ያው ነው። በግራዋ ማንም የለም፤ ሆኖም የግራ እጇን አንድ ነገር የያዘው ይመስላት ነበርና ከነጠላዋ ሥር አላወጣችውም።

ላሊበላ ደርሰው ውብአየሁ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወረደ። ከአለት የተፈለፈለውን ያን ቤት ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይመጣል። ይመኙሽ በልጅነቷ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ተሳልማው ታውቃለች። አሁን ግን ዓይኗ እሱን አላየም። በሩ ላይ የምእመናንን ጫማ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ንግግራቸውን ስትሰማ የመንደሯ ሰው መሆናቸውን አወቀች። ሽባባው ይባላሉ።

«አባባ፣ ሽታዬ የምትባል ሴት ያውቃሉ? ባሏን በሰባ ሰባት መጠለያ የቀበረች» አለቻቸው።

«ልጇ የሞተችባት ሽታዬ?»

«ልጇ እንኳ አልሞተችም፣ አባባ። ጠፍታ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው!» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። «ተዝካሯን በልቼ የለም እንዴ? ጎረቤታችን ከሰፈራ ጠፍቶ በእግሩ የመጣ ጊዜ ሬሳዋን በዓይኔ አየሁ ብሎ ነግሮን እናቷን እኔው ነኝ ያረዳኋት። ከዚያ አገሩ ዝናብ ሲያገኝ ደገሰች። ጠላው ቀጠን ያለ ነበር፣ ምን ታድርግ፣ ዘመኑ ነው። ይመኙሽ ነበር ስሟ፤ ነፍስ ይማር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የራሷን ሞት እሷ ብቻ ሳትሰማ አርባ ዓመት ኖረች። ወይ ጉድ! ያ ጎረቤትም አልዋሸ፤ ከሙታን ጋር ተኝታ ሸራ ሲያለብሷት አይቷል።

«አባባ» አለች፤ «ይመኙሽ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሲያስተካክሉት የነበረውን የሰው ጫማ ጣሉት። አማተቡ። ከዚያ ፊቷን ሳይሆን እግሯን አዩ፤ መሬት መንካቱን ሊያረጋግጡ ነው።

«እናቴስ?» አለች። የመጣችው ለዚህ ነው፤ ልታዘቀዝቀው ነጠላዋን ይዛለች።

«አለች እንጂ። ዓይኗ ጠፋ እንጂ አለች።»

ነጠላዋን እንደ ያዘች እዚያው ጫማዎቹ መካከል ተቀመጠች።

መንደሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም። ከውብአየሁ ጋር የሚገናኙበትን ሰዓት ተቀጣጥራ ከአባባ ሽባባው ጋር በባጃጅ ሄዱ። በመንገድ ሽማግሌው አንድ ነገር ነገሯት። «አውሮፕላን በወረደ ቁጥር በር ላይ ትወጣለች። ተዝካርሽን አውጥታም አልተወችውም። 'ልጄን የወሰዳት ያ ነው' ትላለች። ዛሬም የናንተን ሳትሰማው አልቀረችም።»

እውነትም እማማ ሽታዬ በራቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ትንሽ ሆነዋል፤ ከልጅ አይበልጡም። ይመኙሽ ከባጃጁ ወርዳ ወደ በሩ ተራመደች፤ ልትደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አሮጊቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ምኞቴ?» አሉ።

ያው ድምፅ ነው። በዝናብ ውስጥ፣ በድስቱ ውስጥ የነበረው። ይመኙሽ በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችለት። «አቤት» አለች።

እናትየው አልጮሁም፣ አልወደቁም። ፈገግ አሉ። «ቆየሽ» አሉ። «ልትወስጂኝ መጣሽ?»

ይመኙሽ አልሞትኩም እኮ እማዬ ልትል አፏን ስትከፍት አባባ ሽባባው ነጠላዋን ጎተቱ። «በሞቴ፣ እንዳትነግሪያት!» አሉ በጆሮዋ። «ልቧ በእንጥልጥል ነው ያለው። አሁን አለሁ ብትያት በድንጋጤ እጅሽ ላይ ትቀራለች። እሺ በያት፣ ይዘሻት ሂጂ። ቀስ ብለሽ ኋላ ትነግሪያታለሽ።»

ምን ታድርግ? አርባ ዓመት ፈልጋ ያገኘቻትን እናት በአንድ ቃል ትግደላት? «አዎ እማዬ፣ ልወስድሽ ነው» አለች።

«ቆይኝ እንግዲያው፣ ልዘጋጅ» አሉ። እየዳበሱ ወደ ውስጥ ገቡና ከሣጥናቸው ሥር የታጠፈ አቡጀዲ አወጡ። ሽማግሌ ሁሉ መገነዣውን በቁሙ አዘጋጅቶ እንደሚያስቀምጥ የታወቀ ነው። ተከናነቡትና «በይ፣ ነይ» አሉ። አባባ ሽባባውን ግን አንዲት ቃል ሳይሏቸው በአጠገባቸው አለፉ፤ የሞተ ሰው ለጎረቤቱ ደህና ሁን አይልማ። ሽማግሌው ደጁ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ውብአየሁ አውሮፕላኑ ሥር ሆኖ ሲጠብቅ ይህን ሲያይ ክው አለ። የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ያ ጨርቅ ለምን እንደሚገዛ አይጠፋውም። «እትዬ፣ ምንድን ነው የለበሱት?» አለ። ይመኙሽ «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ፣ ዝም በል» አለችው። እስኪደርሱ ድረስ ሲያማትብ ነው የሄደው።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ይመኙሽ የእናቷን እጅ ያዘች። በልጅነቷ እጇን ይዛ የቀዘቀዘችባት ያቺ ሴት ትዝ አለቻት። በየደቂቃው የእናቷን መዳፍ ታሻለች፤ ሙቀቱ እንዳለ ታያለች። እማማ ሽታዬ ደመናው ሲያንገጫግጫቸው «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ የሚያም መስሎኝ ፈርቼ ነበር።»

ዳንግላ ሲደርሱ ያካፋ ነበር። መልካሙ በባጃጁ ተቀበላቸው፤ እናቱ በዓይኗ ዝም በል ስላለችው ዝም አለ። ቤቷ በር ላይ የሻረግ ቃሏን ጠብቃ ድንኳን አስተክላለች። ዕድርተኛው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። እንግዲህ አስቡት! ለቅሶው ሊጀመር ሁሉም ብድግ ሲል ሟቿ መገነዣቸውን ተከናንበው በእግራቸው ከባጃጅ ወረዱ። አንዲት ሴት ድንኳኑን ጥሳ ሮጠች። ሌሎቹ በአገውኛ መንሾካሾክ ጀመሩ።

እማማ ሽታዬ ቆሙና አዳመጡ። ከዋግ የሚመጡ ነጋዴዎች የዚያን አገር አገውኛ፣ ኽምጣኛ፣ ሲናገሩ ገበያ ላይ ሰምተው ይሆናል፤ ይህኛው ግን ለጆሯቸው እንግዳ ነው። ፊታቸው በራ። «መላእክቱ ናቸው?» አሉ።

ይመኙሽ የሻረግን በክርኗ ጎሸመቻት። የሻረግ ናት የደረሰችላት፤ ጉዳዩ ገና ሳይገባት «አዎ እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች። መልአክ! የሻረግ! ዳንግላ ይህን ሰምታ እስከ ዛሬ ትስቅባታለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አሮጊቷ ደህና ናቸው፤ ድንች ይበላሉ፣ «የሰማይ እህል እንዲህ ይለሰልሳል?» ይላሉ፤ መገነዣቸውን አጥፈው ትራስ አድርገውታል። የልጃቸውን ፊት ግን አይነኩም። ነፍስ አይዳሰስም ብለው ይሆን፣ ከነኳት የምትጠፋ መስሏቸው ይሆን። ይመኙሽ አርባ ዓመት የናፈቃት እቅፍ አጠገቧ ተቀምጦ አይዘረጋላትም። በሕይወት ያለች ልጅ መሆን ነው የፈለገችው፤ እናቷ ግን ሙት አድርገው ይወዷታል።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን «አባትሽስ?» አሉ። «ለምን አይመጣም? እኔን ሊያይ አይፈልግም?»

«ራቅ ያለ ቦታ ነው ያለው፣ እማዬ።»

«ተቀይሞኝ ነው» አሉ እማማ ሽታዬ። «በወጉ አላለቀስኩለትማ። ያን ጊዜ ማልቀሻ አቅም አልነበረኝም።» ዞረው ተኙ። በማግስቱ አልበሉም።

ይመኙሽ ጓዳ ገብታ አነባች። «ልንገራት» አለች ለየሻረግ። «እንዳትሞክሪ! ደህና ናቸው፣ ተያቸው» አለቻት የሻረግ። «ደህና አይደለችም። እኔም አይደለሁም። ሁለታችንም ሞተን እኮ ነው አንድ ቤት የተቀመጥነው» አለች ይመኙሽ።

ሳትነግራቸው ሰነበተች። በመጨረሻም ነገሩን የነገራቸው ሌላ ነው።

አንድ ማለዳ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ይመኙሽ እንደ ልማዷ ዘላ ተነሳች። ጥሩንባው ደግሞ ተነፋና የለፋፊው ድምፅ በአማርኛ መጣ፤ «ዕድርተኛ ሆይ! አቶ አበረ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው!»

ከአልጋው ላይ «ምኞቴ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አቤት እማዬ።»

«እዚህም ይሞታል እንዴ?»

ይመኙሽ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዋሽታ ዋሽታ ውሸቱ አልቆባታል።

እማማ ሽታዬ ተነስተው ተቀመጡ። እጃቸው ቀስ ብሎ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸውን ፊት ነካ። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን ዳሰሱ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ራሰ፤ እንባው ሞቃት ነው።

«አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም፣ እማዬ።»

«እኔስ?»

«አንቺም።»

የአሮጊቷ እጅ እዚያው ጉንጯ ላይ ቆመ። ይመኙሽ የአባባ ሽባባው ማስጠንቀቂያ ትዝ አላትና የእናቷን ደረት ያዘች። ልባቸው ይመታል፤ እንዲያውም ይደበድባል። ከዚያ እጃቸው ከጉንጯ ተነሳና ትከሻዋን ዷ! አደረጋት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?» አሉ። «ዓይኔ የጠፋው ለማን ነው? አርባ ዓመት የት ሆነሽ ነው? እግር የለሽም? አፍ የለሽም? ላኪ እንጂ አንዲት ቃል! አንቺ ክፉ! አንቺ…» ደግመው መቷት፤ ሦስተኛውን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሱ አንገቷ ላይ ወደቁና አንቀው ያዟት፤ ላም ጥጃዋን እንደምታሸት አሸተቷት። ይመኙሽም እሪ አለች። አርባ ዓመት የቆየው ሁሉ ወጣ። እማማ ሽታዬም ባላቸውን በስሙ ጠርተው ማልቀስ ጀመሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የዚያን ቀንም አልገደደም።

ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ያለቀላቸው መስሎት እየሮጠ መጣ። የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበሩ ጋር ተላትማ ገባች። «ማን ሞተ?» አለች።

«አበረ የሚሉት ሰውዬ ነዋ፣ አልሰማሽም?» አሉ እማማ ሽታዬ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። ትራሳቸውን ዳበሱና የታጠፈውን አቡጀዲ አውጥተው ወደ ድምፁ ዘረጉላት። «እንኪ፣ ይህን ለሱ ውሰጂለት። እኔ ለጊዜው አያስፈልገኝም፤ ልጄ መጥታለች።»